ለቡና ላኪ በኮንትራት እሠራለሁ፤ ውሌ ሲታደስ ዋጋውን እንዴት ላንሳ?

ጥያቄው፦ «ጅማ ነው የምኖረው። ከጥቅምት 2016 ጀምሮ ለአንድ ቡና ላኪ ድርጅት በኮንትራት እሠራለሁ። ቅጥር ሠራተኛ አይደለሁም፤ የራሴ ንግድ ፈቃድና ቲን አለኝ። ውሉ የሚለው ከውጭ ገዢዎች ጋር በእንግሊዝኛ መጻጻፍና የፌስቡክ ገጹን መያዝ ነው፤ ክፍያው በወር 12,000 ብር። አምና ዋጋው ሳይነካ ታደሰ፤ አሁን መስከረም 30 ቀን 2018 ያበቃል። ሥራው ግን እንደ ድሮው አይደለም። የናሙና መግለጫ እጽፋለሁ፣ ማጠቢያ ጣቢያ ድረስ ሄጄ ፎቶ አነሳለሁ፣ ዘንድሮ ደግሞ የገበሬዎቹን ማሳ የጂፒኤስ ነጥብ በኤክሴል የማደራጀው እኔ ነኝ። መጀመሪያ በወር 60 ሰዓት ያህል ይወስድብኝ ነበር፤ አሁን ወደ 110 ደርሷል። ባለቤቱ ሐጂ የአባቴ ወዳጅ ናቸው፤ ‹ልጄ› ነው የሚሉኝ። አባቴ ታሞ አዲስ አበባ ሲሄድ መኪናቸውን ከነሹፌሩ የሰጡን እሳቸው ናቸው። ስንት ብዬ፣ ምን ብዬ ልጠይቅ? ወይስ አባቴን ልላክ?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፦ አባትሽን አትላኪ። አባትሽ ሐጂ ዘንድ ሄደው «ልጅቷን አስብልኝ» ያሉ ዕለት ነገሩ ከሥራ ወጥቶ የሁለት ወዳጆች ጉዳይ ይሆናል። ሐጂ ለአባትሽ ፊት ሲሉ ሁለት ወይም ሦስት ሺህ ብር ይጨምራሉ። ከዚያ በኋላ «ይህ ሥራውን አይመጥንም» ለማለት አፍ አይኖርሽም፤ የተሰጠሽ በአባትሽ ስም የተቆጠረ ውለታ ነዋ። እሺ ካላሉ ደግሞ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ባንቺ የሥራ ዋጋ ይቀያየማሉ። ሽማግሌ ለጠብ ወይም ለጋብቻ ይላካል። አንቺ ከማንም ጋር አልተጣላሽም፤ የራስሽን ውል ልታድሺ ነው፣ ያንን ራስሽ ተናገሪው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ።

እኔ የምተዳደረው እዚሁ ጅማ በኮንትራት የሚሠሩ ሰዎችን ውል በማርቀቅና ለድርድር በማዘጋጀት ነው። ተርጓሚዎች፣ በትርፍ ሰዓት ሒሳብ የሚይዙ፣ ለጥናት መጠይቅ የሚያስሞሉ፣ እንዳንቺ ለቡና ነጋዴ የሚሠሩ ይመጣሉ። አብዛኞቹ ውል ማደሻው ሲደርስ «ጭማሪ ልጠይቅ ነው» ብለው ነው የሚመጡት። እኔም አስቀድሜ የምለምነው ይህቺን ቃል እንዲተዉልኝ ነው። ጭማሪ የሚጠየቀው ሥራው እንደነበረ ሆኖ ክፍያው ከፍ እንዲል ሲፈለግ ነው። ያንቺ ሥራ ግን እንደነበረ አይደለም።

ከጻፍሽው ሁሉ ትልቁን ቁም ነገር የያዘው እንደ ቀላል ያለፍሽው መስመር ነው፤ 60 ሰዓት የነበረው 110 ሆኗል ያልሽው። 12,000 ብር ለ60 ሲካፈል በሰዓት 200 ብር ይመጣል። ለ110 ሲካፈል 109 ብር ነው። ማንም ሳይናገርና ሳይፈርም የሰዓት ዋጋሽ ወደ ግማሽ ወርዷል። ሐጂ ይህን በክፋት ያደረጉት አይመስለኝም። አንድ ቀን «ልጄ፣ ይቺን ደግሞ እይልኝ» አሉ፣ አንቺም «እሺ» አልሽ፣ ይቺ ሥራም በዚያው ያንቺ ሆና ቀረች። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያሉ «ይቺዎች» ተጠራቅመው ሌላ ሥራ ሆነዋል፤ የአሁኑ ውል ለዚያ ሥራ ዋጋ አልቆረጠለትም። ስለዚህ ሐጂ ፊት የምትቀርቢው ዋጋ ያልተቆረጠለትን ሥራ ዋጋ ለመቁረጥ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ያስፈልግሻል፤ ማስረጃውም ስልክሽና ኢሜይልሽ ውስጥ አለ። ከዘንድሮው ሥራ የበዛበትን አንድ ወር፣ መጋቢትን በይው፣ አንድ ደግሞ የቀለለውን ውሰጂና የላክሽውን ሁሉ ተመልከቺ። ስንት ደብዳቤ፣ ስንት የናሙና መግለጫ፣ ስንት ጊዜ ጣቢያ ሄድሽ፣ ስንቱን መልስ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ጻፍሽ? አሜሪካ ያለው ገዢ ቢሮ ሲገባ እዚህ መሽቷል፤ ያ የሌሊት ሰዓት የትም አልተጻፈልሽም። ከዚያ አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍለሽ ባንዱ በኩል ውሉ ላይ ያለውን፣ በሌላው በኩል ውሉ ላይ ሳይኖር የምትሠሪውን አስፍሪ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ሐጂ ረጅም ጽሑፍ አያነቡልሽም፤ ሁለት ዓምድ ግን በአንድ እይታ ይገባቸዋል።

በሁለተኛው ዓምድ ላይ የማሳዎቹን ዝርዝር ከሁሉ በላይ አድርጊው፤ ምን እንደሚያስገኝላቸውም በአንድ አረፍተ ነገር ጻፊበት። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ የት እንደሆነ በነጥብ እንዲታወቅ ያስገድዳል። ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያ ወሰኑ ይመዘገባል፤ ከዚያ በታች ከሆነ አንድ የኬክሮስና የኬንትሮስ ነጥብ ይበቃል። ደንቡ የሚጸናበት ቀን ቢራዘምም ገዢዎች ዝርዝሩን ከወዲሁ መጠየቅ ጀምረዋል። እኛ ዘንድ ያለው የገበሬ ማሳ ትንንሽ ነው፤ አንድ ኮንቴነር የሚሞላው 320 ጆንያ ቡና ከብዙ ጓሮ የተለቀመ ነው። የእያንዳንዱን ጓሮ ነጥብ ከገበሬው ስምና ካስረከበው እሸት ቡና ጋር አዛምዶ የያዘው ፋይል ያንቺ እጅ ሥራ ነው። ደንቡ ሲጸና ይህ ዝርዝር የሌለው ቡና ወደ አውሮፓ መግባት አይችልም። ሐጂ ይህን ከገዢዎቻቸው ሰምተውታል፤ ሥራውን እንዳንቺ ሆነው ስላልሠሩት ግን ስንት ሰዓት እንደሚበላ አያውቁም። ንገሪያቸው።

«ኑሮ ተወደደ» ብለሽ አትግቢ። ነገሩ እውነት ነው፤ ለድርድር ግን አይሆንም። መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ለማን ያልተወደደ ልጄ?» እውነታቸውን ነው። ችግሩን አስቀድሞ ለገባ ሰው ደግሞ ችግሩን የምታስታግስ ያህል ነው የሚሰጠው፤ የሥራው ልክ ይረሳል። ዋጋ ንረቱን በልክ፣ እንደ ሁለተኛ ቁጥር አንሺው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣው ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት ውሉን ከፈረምሽበት ጊዜ አንስቶ እስከ 2017 መጨረሻ ድረስ ከ10 በመቶ በታች ወርዶ አያውቅም። ዝቅተኛውን፣ 10 በመቶውን ብቻ ብንይዝ እንኳ 12,000 ብር በአንድ ዓመት 13,200፣ በሁለት ዓመት 14,520 ይሆናል። ይህ ያለፈውን ዋጋ ባለበት ለማቆም ብቻ ነው።

የዶላሩን ነገር ልታነሺ እንደምትፈልጊ እገምታለሁ። ውሉን ስትፈርሚ ዶላር በባንክ 55 ብር ገደማ ነበር፤ 12,000 ብር ያኔ 218 ዶላር ያህል ይመጣል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀው በኋላ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ ዛሬ ከ130 በላይ ነው። ያው 12,000 ብር ከ93 ዶላር በታች ሆኗል። ሐጂ ደግሞ የሚሸጡት በዶላር ነው። በዚያ ላይ በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ያገኘችው ገቢ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ የቀደመው ዓመት 1.4 ቢሊዮን ገደማ ነበር። በየካቲት 2017 አንድ ፓውንድ ዓረቢካ በኒው ዮርክ ገበያ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ይህን ሁሉ እወቂው፣ ድፍረት ይሰጥሻል፤ ሐጂ ፊት ግን አትዘርዝሪው። አንደኛ፣ ላኪው እሸት ቡናውን የሚገዛው በብር ነው፤ የእሸቱ ዋጋም ከዶላሩ ጋር ተያይዞ ወጥቷል፤ የባንክ ብድሩ፣ ነዳጁ፣ የጭነቱ ኪራይ እንደዚያው። ትርፋቸው በዶላሩ ልክ አድጓል ማለት ስህተት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ነጋዴ ኪሱን ሲቆጥሩበት ፊቱ ይለወጣል። ስለ ሥራሽ ስታወሪ የምታውቂውን ነው የምትናገሪው፤ ስለ ትርፋቸው ስታወሪ ግን እሳቸው ካንቺ የበለጠ ያውቃሉ።

እንግዲህ ቁጥሩን እንሥራው። የሰዓት ዋጋሽ 200 ብር ነበር። ከላይ ባልኩት ዝቅተኛ ግሽበት ሁለት ዓመት ሲሰላ 242 ብር ይሆናል። 110 ሰዓት በ242 ሲባዛ 26,620 ነው። 26,500 ብለሽ ጠይቂ። ከ12,000 አንጻር ስታይው እንደሚያስደነግጥሽ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው መንገዱን ከቁጥሩ በፊት የምታሳዪው። 200 ብር ሐጂ ራሳቸው ፈርመው የተቀበሉት የሰዓት ዋጋ ነው። ከየትም አላመጣሽውም።

«እሳቸው መቀነሳቸው ስለማይቀር 40,000 ብዬ ልጀምር» የሚሉ አሉ። እኔ አልመክርም። ሐጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዋጋ ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የተነፋ ቁጥር ገና ከአፍሽ ሳይወጣ ያውቁታል። 40,000 ብለሽ 25,000 ላይ ከወረድሽ ለሚመጡት ዓመታት ሁሉ የምትጠሪው ዋጋ እውነተኛ እንዳልሆነ ያስተማርሻቸው ራስሽ ትሆኛለሽ። መከራከራቸው ግን አይቀርም፤ መከራከርም ይገባቸዋል። ለዚያ የሚሆን አንድ ሕግ ያዢ፦ ዋጋ ስትቀንሺ ሥራ አብረሽ ቀንሺ። «በይ 20,000 ይሁን» ቢሉሽ መልስሽ «እሺ ሐጂ፣ በ20,000 ብር 83 ሰዓት እሠራለሁ፤ ከዚህ ወረቀት ላይ የትኛው ይውጣ?» ነው። ያኔ ወረቀቱን አንስተው የቱን እንደሚተዉ ይፈልጋሉ። የማሳው ዝርዝር አይወጣም። ናሙናው አይወጣም። ምናልባት ፌስቡኩ ይወጣ ይሆናል፤ ይውጣ። ምንም ካልወጣ ደግሞ ሁሉንም እንደሚፈልጉት ራሳቸው አዩት ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት ሁለት አማራጭ ይዘሽ ብትገቢ ደስ ይለኛል። አንደኛው አሁን የምትሠሪው ሁሉ ያለበት፣ በ26,500 ብር። ሁለተኛው የመጀመሪያው ውል እንዳለ፣ ደብዳቤና ፌስቡክ ብቻ፣ 60 ሰዓት፣ በ14,500 ብር። ሁለተኛው ለማስፈራራት የተጻፈ እንዳይመስል ከልብሽ ተቀብለሽው ግቢ፤ እሱን ቢመርጡ የሚተርፍሽን 50 ሰዓት ለሌላ ትሠሪበታለሽ። ከአሁን ጀምሮ ሌላ ደንበኛ መፈለግም አለብሽ። በአጋሮ፣ በሊሙና በጌራ በኩል በቀጥታ ለመላክ የሚሞክሩ አልሚዎችና ማጠቢያ ጣቢያዎች አሉ፤ የገበሬ ማኅበራት ዩኒየኖች አሉ፤ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ የትርጉምና የመረጃ ሥራ አይጠፋም። አንድ ሰው «መስከረም ላይ ነይና እንነጋገር» ካለሽ እንኳ ድምፅሽ ይለወጣል። ስሙን ለሐጂ መናገር አያስፈልግሽም።

ሐጂ ምናልባት «የሒሳብ ሠራተኛዬ እንኳ ይህን አያገኝም» ይሉሻል። ልዩነቱን በአክብሮት አስረጂያቸው። የሒሳብ ሠራተኛው ቅጥር ነው፤ ድርጅቱ ከደመወዙ በላይ 11 በመቶ ጡረታ ያዋጣለታል፣ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው፣ ሲታመም ይከፈለዋል፣ ኮምፒዩተሩና ኢንተርኔቱ የቢሮ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት የሚሠራን ሰው አይሸፍንም፤ ስለዚህ አንቺ ይህ ሁሉ የለሽም። ላፕቶፑ ያንቺ፣ ዳታው ያንቺ፣ መብራት ሲጠፋ የምትሮጪበት ካፌ ሒሳብም ያንቺ ነው። በወር የተጻፈው ቁጥር ተመሳሳይ ቢሆን እንኳ እጅሽ ላይ የሚቀረው አይመሳሰልም።

አሁን ወደ ጊዜው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እሸት ቡና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሲለቀም ላኪው ጥሬ ገንዘቡን ሁሉ ግዢ ላይ ያፈሰዋል፤ በጥቅምትና በኅዳር ስለ ማንኛውም ተጨማሪ ወጪ ለመስማት ጊዜም ልብም አይኖራቸውም። ያንቺ ሥራ ደግሞ የሚከብደው ከታኅሣሥ በኋላ፣ ናሙና መላክ ሲጀመር ነው። ስለዚህ ንግግሩ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በጳጉሜን ይሁን፤ ያለፈው ዓመት ሒሳብ ተዘግቶ የሚመጣው ገና ሳይጀመር። ውሉ የሚያበቃበትን ሳምንት አትጠብቂ። ከቀኑም ቢሆን ሐሙስ ገበያ ነው፣ ዓርብ ጁምዓ ነው፤ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ቢሮአቸው ሄደሽ አነጋግሪያቸው። ቤታቸው አትሂጂ። ቤት ከሄድሽ የወዳጃቸው ልጅ ነሽ፤ ቡና ይፈላል፣ ስለ አባትሽ ጤና ይወራል፣ ወረቀቱም ከቦርሳሽ ሳይወጣ ትመለሻለሽ። ቀደም ብለሽም ደውለሽ «ስለ ውሉ እድሳት ግማሽ ሰዓት ልይዝዎት ፈልጌ ነበር» በያቸው፤ ድንገት አትሁኚባቸው።

ይኸው የወቅት ነገር አንድ ጥሩ መላም ይሰጥሻል። 26,500 ብር በ12 ወር 318,000 ብር ነው። ሐጂ «በመኸር ወቅት ይከብደኛል» ካሉ ዓመታዊውን ሳትነኪ አከፋፈሉን ቀይሪላቸው፤ ከሰኔ እስከ ኅዳር ላሉት ስድስት ወራት 18,000፣ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ላሉት ስድስት ወራት 35,000። ድምሩ ያው 318,000 ነው። ብር ሲጠብባቸው ትንሽ፣ ቡናው ሲሸጥ ብዙ ይከፍላሉ፤ አንቺም ሥራው ሲበዛ ክፍያው አብሮ ይበዛል። የነጋዴን አሠራር የሚያውቅ ሰው ያቀረበው ሐሳብ እንደሆነ ይገባቸዋል፤ በዚህ መንገድ የተቋጩ ውሎች ደግሞ ሳይጓተቱ ሲከፈሉ አያለሁ። (ጳጉሜን ከነሐሴ ክፍያ ጋር የታሰበች መሆኗን ውሉ ላይ ጻፊ፤ አምስት ቀን ቢሆንም በየዓመቱ መነጋገሪያ ትሆናለች።) «ከሚላከው ኮንቴነር ኮሚሽን ልስጥሽ» ካሉሽ ግን ተጠንቀቂ። የዓለም ዋጋን፣ የመርከብ መዘግየትንና የባንክ ሰነድን አንቺ አታዢበትም፤ ክፍያሽ በማታዢበት ነገር ላይ አይንጠልጠል። በመደበኛው ክፍያ ላይ የሚጨመር ከሆነ በደስታ ተቀበዪ፤ እሱን የሚተካ ከሆነ እምቢ በይ።

ንግግሩ ራሱ እንዲህ ቢጀምር፦ «ሐጂ፣ ሁለት ዓመት አብሬዎት ስሠራ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ለቤተሰቤ ያደረጉትንም አልረሳም። ዛሬ የመጣሁት ስለ ሥራው ነው። ውሉ ሲፈረም የተስማማነው ይህን ነበር፤ ዛሬ የምሠራው ደግሞ ይህን ነው። ለመጪው ዓመት ሁለት ሐሳብ አዘጋጅቻለሁ፤ ይዩልኝ።» ከዚያ ወረቀቱን ስጪና ዝም በይ። ይህ ዝምታ ይከብድሻል። እኛ ታላቅ ሰው ፊት ቁጥር ከጠራን በኋላ ቶሎ ብለን «ካልሆነም ግድ የለም፣ እርስዎ ያሉት ይሁን» ማለት ይቀናናል። ድርድሩ የሚያልቀው እዚያች ላይ ነው። እሳቸው እስኪናገሩ ጠብቂ።

«ልጄ፣ እኔ መቼ ጨከንኩብሽ?» ቢሉሽ ልብሽ እንዳይሰበር። «አልጨከኑብኝም ሐጂ። ለዚህም ነው ሥራውን በደንብ እንደያዝኩት መቀጠል የፈለግኩት፤ በአሁኑ ዋጋ ግን ለሌላ ሥራ ጊዜ መስጠት ግድ እየሆነብኝ ነው» በያቸው። ስለ መኪናው ውለታም ለራስሽ አንድ ነገር ልበልሽ፤ ያ ቀን ዕዳ ነው፣ እውነተኛ ዕዳ ነው። የሚከፈለው ግን በሠርጋቸውና በኀዘናቸው ቀድመሽ በመገኘት፣ ልጃቸው የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ሲያዘጋጅ ቁጭ ብለሽ በማገዝ ነው። በ109 ብር ሰዓት ከፍዪው ካልሽ ማለቂያ የለውም፤ አንቺም ከአንድ ዓመት በኋላ ተማርረሽ በመኸሩ መሀል ጥለሽ ትወጫለሽ። ከዚያ የባሰ ውለታ ቢስነት ለሐጂ አይታየኝም።

«በ8,000 ብር የሚሠራ ተመራቂ ሞልቷል» ቢሉም አትቆጪ። ጅማ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ ጥሩ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ልጅ በእርግጥም ይገኛል። ያንቺ ዋጋ የተጨመረበት ሌላ ቦታ ነው፤ የትኛው ገዢ ያልታጠበውን ቡና እንደሚመርጥ፣ ማን ናሙና ሲዘገይበት ዝም ብሎ እንደሚሄድ፣ ባለፈው ዓመት ስለየትኛው ጭነት ቅሬታ እንደመጣና እንዴት እንደተፈታ ታውቂያለሽ። ይህን በእርጋታ ንገሪያቸው። ከዚህ አልፈሽ ግን አትሂጂ። የገዢዎቹን አድራሻ፣ የገጹን የይለፍ ቃል ወይም የማሳውን ፋይል መያዣ አታድርጊ፤ «ገዢዎቹ እኔን ነው የሚያውቁት» የሚል ፍንጭ እንኳ አታሳዪ። የድርጅቱ ንብረት ነው፤ ከዚህም በላይ በጅማ የቡና ነጋዴው እርስ በርሱ ይተዋወቃል፣ ወሬው ካንቺ ቀድሞ ይደርሳል።

ብዙ ጊዜ የምትሰሚው ግን እምቢታ ሳይሆን «እሺ፣ አየዋለሁ» ነው። ለዚህ ቀን አስይዢው፦ «መስከረም 10 መጥቼ መልስዎን ብሰማ ይመችዎታል?» «ቡናው ይሸጥና» ካሉም እሺ ማለት ትችያለሽ፤ ቀኑና መጠኑ ዛሬ ተጽፎ ሲፈረም ብቻ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ 20,000፣ ከጥር 1 ጀምሮ 28,700 ብትሉ ከጥቅምት እስከ መስከረም ያለው ድምር ከሞላ ጎደል ያው ነው።

በቃል የተባለ እንዳይቀር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚጸና ይናገራል፤ ቁጥር 1764 ደግሞ ግዴታው ካሰቡት በላይ ከባድ ስለሆነ ብቻ ውሉ እንደማይለወጥ ይደነግጋል። በተግባር ሲታይ፣ አንዴ ከፈረምሽ በየካቲት ሥራው ቢበዛ ዋጋ ለማንሳት የምትይዢው ነገር የለሽም። መግቢያሽ አሁን ነው። ስለዚህ የሥራው ዝርዝር በአዲሱ ውል ውስጥ ይግባ፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሚታዘዝ ሥራ በሰዓት 250 ብር እንደሚከፈልና አስቀድሞ በመልእክት እንደሚረጋገጥ ይጻፍ፤ በመጋቢት ላይ ሁለታችሁ ዋጋውን በጋራ እንደምታዩት ይጻፍ። ክፍያው ወሩ በገባ በ10 ቀን ውስጥ ይሁን።

ቁጥሩ ከግብር በፊት መሆኑም ይገለጽ። ድርጅቱ ከክፍያሽ ላይ ቅድመ ግብር ቆርጦ ያስገባል፤ የቆረጠበትን ደረሰኝ በየጊዜው ተቀበዪ፣ ግብርሽን ስታሳውቂ ይታሰብልሻል። ንግድ ፈቃድሽ ሳይታደስ እንዳይቀር ዛሬውኑ እዪው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ፈቃድና ቲን ለማያቀርብ ሰው የሚቆረጠው 30 በመቶ ነው፤ ከ26,500 ብር ላይ 7,950 ብር ማለት ነው።

ውሉ መስከረም 30 ሳይፈረም ካለቀ ሥራውን ዝም ብለሽ አትቀጥዪ፤ አምና ዋጋው ሳይነካ የታደሰው በዚህ መንገድ ይመስለኛል። ጥቅምት 1 ጠዋት ኮምፒዩተሩን ከመክፈትሽ በፊት ደውዪላቸው፦ «ሐጂ፣ ውሉ ትናንት አልቋል፤ ገዢዎቹ መልስ እንዳያጡ ይህን ሳምንት ደብዳቤውን ብቻ እይዛለሁ፣ የቀረውን ስንፈራረም እቀጥላለሁ።» ያንኑ ቃል በመልእክትም ላኪላቸው፤ የማሳውን ፋይል የመጨረሻ ቅጂም በዚያው ቀን አያይዘሽ ስጪ።